ኮምፒዩተር አልነሳም ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም

ፍኖተ ሰላም፦ በምዕራብ ጎጃም ኮምፒዩተር የጥቂት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ መኾኑ ከቀረ ቆይቷል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቆች፣ ፎቶ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የዕለት ሥራቸውን በእርሱ ያከናውናሉ። ማመልከቻ ለማስጻፍ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የሚመጣ አርሶ አደርም ጉዳዩ የሚያልፈው በዚሁ መሣሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ሲከፈት በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አሳይቶ ሊቆም ይችላል። ዊንዶውስንና ሊኑክስን ባንድ ላይ በያዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ይዘወተራል። ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚሰነዘረው መፍትሔ "ፎርማት ይደረግ" የሚል ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ባለው ብልሽት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ሳይኾን ወደ ፋይሉ የሚያደርሰው መነሻ ነው። ፎርማት ማድረግ ግን ያልጠፋውን ያጠፋል።

የአንድ መሠረታዊ ማኅበር የአባላት ዕጣና የማዳበሪያ ሥርጭት ዝርዝር፣ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የአንድ ቤተሰብ የሠርግ ፎቶ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከኾነ፣ የዚያች ቅጽበት ውሳኔ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሳ፣ መነሻው በምን እንደሚበላሽና በምን ቅደም ተከተል እንደሚመረመር ማወቅ ለባለሙያም ለባለንብረትም ይጠቅማል።

ሁለት ሥርዓት በአንድ ኮምፒዩተር ለምን?

ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ሥርዓተ ክወና ይባላል። በሀገራችን በስፋት የሚታወቀው ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ መስፈርቱን አያሟሉም።

በዚህ ጊዜ አማራጭ ኾኖ የሚቀርበው ሊኑክስ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የኾነው ኡቡንቱ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሳሽነት እ.ኤ.አ በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሲኾን በነጻ ይገኛል፤ መጠነኛ አቅም ባላቸው ማሽኖች ላይ የሚሠሩ ቀለል ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶችም አሉ።

ይሁንና ዊንዶውስን ጨርሶ መተው ለብዙዎች አይመችም። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ቢኾንም፣ በአሮጌ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች የራሳቸውን ፎንት ካላገኙ የማይነበብ ምልክት ኾነው ይታያሉ። እነዚያ ፎንቶችና ፕሮግራሞች የተዘጋጁት ለዊንዶውስ ነበር። በመኾኑም ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የተለመደ መፍትሔ ኾኗል። የመነሻው ችግር የሚመጣውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው።

የመገንጠያው ምሳሌ

ኮምፒዩተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ሚሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ከፈተሸ በኋላ በዲስኩ ላይ ያለውን አስነሺ ፕሮግራም ይፈልጋል። አስነሺው ቡትሎደር ይባላል። ሥራው አንድ ነው፦ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ጠርቶ ማስነሳትና ሥራውን ለእርሱ ማስረከብ።

ነገሩን ከቡሬ መገንጠያ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል ቡሬ የደረሰ መኪና፣ በአንዱ መንገድ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ በሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ያመራል። መገንጠያው ላይ ያለው የአቅጣጫ ምልክት ቢወድቅ እንግዳ ሾፌር ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ባሕር ዳርም ነቀምቴም ግን በቦታቸው አሉ። ቡትሎደርም እንዲህ ያለ ምልክት ነው።

ከዲስኩ አከፋፈል ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። በቀድሞው አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት በሦስት ይከፈላል፤ 446 ባይቱ የአስነሺው ፕሮግራም፣ 64 ባይቱ የክፍልፍሎቹ መዝገብ፣ የቀረው 2 ባይት ደግሞ ማረጋገጫ ምልክት ነው። መዝገቡ የትኛው ክፍልፍል ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ያሳያል፤ እንደ መሬት ይዞታ መዝገብ ሊታይ ይችላል። መዝገቡ ቢቃጠል ማሳው አይጠፋም፤ የማን እንደኾነና ድንበሩ የት እንደኾነ ለማወቅ ግን ያስቸግራል። በአዲሱ የዩኢኤፍአይ አሠራር አስነሺው ፕሮግራም ለብቻው በተከለለ ትንሽ ክፍልፍል ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ይቀመጣል። የዊንዶውሱም የሊኑክሱም አስነሺ እዚያው ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። ሊኑክስ የሚጠቀምበት ታዋቂው አስነሺ ግረብ ይባላል፤ "ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?" የሚለውን ምርጫ በስክሪን ላይ የሚያቀርበውም እርሱ ነው።

መነሻው በምን ይበላሻል?

የመጀመሪያው ምክንያት ዊንዶውስን ከሊኑክስ በኋላ መጫን ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የራሱን አስነሺ በፊት ያስቀምጣል፤ ሊኑክስ ስለመኖሩ አይጠይቅም። ውጤቱም ምርጫው ጠፍቶ ዊንዶውስ ብቻ መነሳቱ ነው። ሊኑክሱ ግን በዲስኩ ላይ አለ።

ሁለተኛው ክፍልፍል መሰረዝ ነው። ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍልፍል ማንበብ ስለማይችል ባለቤት የሌለው ቦታ አስመስሎ ሊያሳየው ይችላል። አንዳንዴም "ለመጠቀም ፎርማት አድርግ" የሚል ጥያቄ ያቀርባል። ቦታ ለማስፋት ሲባል ይህ ክፍልፍል ከተሰረዘ በውስጡ የነበረው የግረብ ዋና ክፍል አብሮ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቀን ኮምፒዩተሩ "ግረብ ሬስኪዩ" ብሎ ይቆማል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። መብራት የሚጠፋው ሥርዓቱ ራሱን በሚያድስበት ሰዓት ከኾነ የአስነሺው ፋይል ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕም በዚህ ረገድ ከዴስክቶፕ የተሻለ መተማመኛ የለውም።

አራተኛው ብዙዎች የማይጠረጥሩት በማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። ሲአር 2032 የምትባለው ይህች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በብዙ ማሽኖች ላይም የተስተካከለው ምርጫ ሁሉ ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመለሳል። የአነሳሱ ቅደም ተከተል ወይም የዲስኩ አነባበብ ከተቀየረ ዲስኩ ደኅና ኾኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ አይነሳም። እንዲህ ሲኾን የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪና የቀድሞውን ምርጫ መመለስ ብቻ ነው።

አምስተኛው ከተጠቃሚው ቁጥጥር ውጪ ሊመጣ ይችላል። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም ማይክሮሶፍት ያሠራጨው የዊንዶውስ ማሻሻያ አሮጌ የሊኑክስ አስነሺዎችን በማገዱ፣ በዓለም ዙሪያ ሁለቱን ሥርዓቶች ከያዙ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ሊኑክስን ማስነሳት አቅቷቸው ነበር። በስክሪኑ ላይ ይታይ የነበረው "ሰኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን" የሚል ጽሑፍ ነው። ኩባንያው የመጨረሻውን ማስተካከያ ያወጣው በግንቦት 2017 ዓ.ም ነው። በእነዚያ ወራት ችግሩን ሳይረዳ ዲስኩን ፎርማት ያደረገ ሰው ፋይሎቹን ያጣው ያለ ምክንያት ነበር።

ምርመራው ከየት ይጀምራል?

ከሁሉ አስቀድሞ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል። መንገዱን የሚያመለክተው ያ ጽሑፍ ነው።

ቀጥሎ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰካ ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ ወይም ተጨማሪ ዲስክ ካለ ነቅሎ እንደገና መክፈት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ከተረሳ ፍላሽ ለመነሳት እየሞከረ ያለምንም ብልሽት የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሊኑክስ ሲጫን አስነሺው በስህተት በውጪው ዲስክ ላይ ከተቀመጠ ኮምፒዩተሩ የሚነሳው ያ ዲስክ ሲሰካ ብቻ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ወደ ባዮስ መግባት ነው። እንደ ማሽኑ ዓይነት ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ኤፍ 2፣ ኤፍ 10፣ ዲሊት ወይም ኢስኬፕ የሚሉት ቁልፎች በተደጋጋሚ ይጫናሉ። እዚያ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ቀኑ ነው፤ ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ ባትሪዋ አልቃለች። ሁለተኛው ዲስኩ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ነው። ዲስኩ ጨርሶ የማይታይ ከኾነ ችግሩ የቡትሎደር ሳይኾን የገመድ ወይም የዲስኩ የራሱ ሊኾን ይችላል። ዲስኩ የሚያንኳኳ ድምፅ ካሰማ ደግሞ መሞከሩን አቁሞ ማጥፋት ይገባል፤ በሞከሩት ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል።

ዲስኩ ካለ አራተኛው እርምጃ የመነሻ ምርጫውን መክፈት ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ይህን ዝርዝር ያወጣል። በዝርዝሩ ውስጥ "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር" ወይም "ኡቡንቱ" የሚል ስም ካለ ተራ በተራ መሞከር ይቻላል። አንዱ ከተነሳ የተበላሸ ነገር የለም፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተለውጧል። ባዮስ ውስጥ ገብቶ የሚፈለገውን አስነሺ ወደ ላይ ማውጣት በቂ ነው።

ምልክቶቹም ይለያያሉ። "ኖ ቡተብል ዲቫይስ" የሚለው ማሽኑ የሚነሳበትን ነገር አለማግኘቱን ያሳያል። "ግረብ ሬስኪዩ" የሚለው የአስነሺው መጀመሪያ ተገኝቶ ቀሪው መጥፋቱን ይነግራል። በሰማያዊ ስክሪን ላይ የሚወጣው "ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ" ደግሞ ዊንዶውስ መነሳት ከጀመረ በኋላ ዲስኩን ማንበብ እንዳቃተው ያመለክታል። ይህ የመጨረሻው የባዮሱ የዲስክ ምርጫ ሲቀየር በብዛት ይታያል። ሊኑክስ ተነስቶ ዊንዶውስ ከምርጫው ላይ ከጠፋ ደግሞ ምክንያቱ ቀላል ሊኾን ይችላል። እ.ኤ.አ ከ2021 ወዲህ የወጡ የግረብ ዓይነቶች ሌሎች ሥርዓቶችን የሚፈልገውን ኦኤስ ፕሮበር የተሰኘ ክፍል ዘግተው ስለሚመጡ፣ ይህንኑ ከፍቶ ዝርዝሩን ማደስ ይበቃል።

ከጥገናው በፊት ቅጂ

ችግሩ በእነዚህ ካልተፈታ ጥገና ይጀመራል። ከማንኛውም ጥገና በፊት ግን ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ግዴታ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው 8 ጊጋ ባይትና ከዚያ በላይ የኾነ ፍላሽ ነው። በሌላ ጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ ሩፎስ በተሰኘው ነጻ ፕሮግራም ሊኑክስን በፍላሹ ላይ በማዘጋጀት የተበላሸውን ኮምፒዩተር ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል። ፍላሹ በሚዘጋጅበት ጊዜ በላዩ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚሰረዝ ባዶ መኾኑን ማረጋገጥ ያሻል።

ከፍላሹ ሲነሳ "ትራይ" የሚለው ይመረጣል፤ "ኢንስቶል" የሚለው አይነካም። "ትራይ" በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን ሥርዓቱን ለጊዜው ከፍላሹ ያሠራዋል። በዚህ መንገድ የዊንዶውስ ሰነዶችና ፎቶዎች ተከፍተው ወደ ውጪ ዲስክ ሊገለበጡ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር የተሰኘው የዊንዶውስ ቁልፍ ዲስኩን ይቆልፋል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የባዮስ ምርጫ ሲነካ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ መክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ባለቤቱ ዊንዶውስን በከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉን መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ባዮሱን ከመንካት በፊት ቁጥሩን ፈልጎ በወረቀት መጻፍ ይገባል።

ጥገናው

ቅጂው ከተያዘ በኋላ የሊኑክስን አስነሺ ለመመለስ የተለመደው መሣሪያ ቡት ሪፔር ይባላል። ከፍላሽ በተነሳው ሊኑክስ ላይ ኢንተርኔት ካለ ይጫናል፤ ያሉትን ሥርዓቶች ፈልጎ ግረብን ወደ ቦታው ይመልሳል። ፍላሹ ግን ቀድሞ ሥርዓቱ በተጫነበት ዓይነት አነሳስ መነሳት አለበት። በመነሻ ምርጫው ላይ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ከታየ፣ "ዩኢኤፍአይ" የሚል ቃል የቀደመው ለአዲሱ አሠራር፣ ያልቀደመው ለአሮጌው ነው። ዊንዶውስ በአንዱ፣ ሊኑክስ በሌላው አሠራር ከተጫኑ በአንድ የግረብ ምርጫ ሊገናኙ አይችሉም። ብዙ ጥገናዎች ውጤት የሚያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የዊንዶውሱ አስነሺ ከተበላሸ ደግሞ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ይዘጋጃል። "ኢንስቶል" ከመጫን ይልቅ "ሪፔር ዩር ኮምፒዩተር" የሚለው ተመርጦ "ስታርትአፕ ሪፔር" ይሠራል። በአሮጌው አሠራር ይህ ጥገና የግረብን ምርጫ ሊያነሳው ስለሚችል፣ ከዚያ በኋላ ግረብን መመለስ ያስፈልግ ይኾናል። የሊኑክሱ ፋይሎች ግን አይነኩም።

ከጥገናው በኋላ የሚታይ አንድ ትንሽ እክል ብዙዎችን ያደናግራል። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲኬድ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል። ሊኑክስ በማሽኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ዓለም አቀፉን መለኪያ ሰዓት ሲኾን ዊንዶውስ የሀገሩን ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል። የባትሪ ማለቅ ምልክት አይደለም። ሊኑክስ የሀገሩን ሰዓት እንዲይዝ በማድረግ ይስተካከላል።

ፎርማት ከተደረገስ?

ፎርማት የተደረገ ዲስክም ተስፋው ሙሉ በሙሉ አልተሟጠጠም። ባለ መዘውር ሃርድ ዲስክ በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ሲደረግ በአብዛኛው የሚጠፋው መዝገቡ ነው። በላዩ አዲስ ነገር እስካልተጻፈ ድረስ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ በተሰኙት ነጻ ፕሮግራሞች ክፍልፍሉን ወይም ፋይሎቹን ማግኘት የሚቻልበት ዕድል አለ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት፣ አዲስ ዊንዶውስ አለመጫን፣ የተገኘውንም ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ በተባሉት አዳዲስ ዲስኮች ላይ ግን ማሽኑ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳ ዕድሉ በእጅጉ ያንሳል።

ወደ ባለሙያ ሲኬድ

ከቋሪት፣ ከሰከላ ወይም ከወምበርማ ኮምፒዩተር ተሸክሞ ወደ ከተማ የሚመጣ ሰው ጥገናውን ራሱ ላያከናውን ይችላል። ማድረግ የሚችለው ግን አለ። ኮምፒዩተሩን ሲያስረክብ በውስጡ ዋጋ ያለው ፋይል መኖሩን፣ ሁለት ሥርዓት እንደተጫነበትና ቅጂ ሳይያዝ ፎርማት እንዳይደረግ በግልጽ መናገር፣ ቢቻልም በወረቀት ማስፈር ይገባዋል። በስልኩ ያነሳውን ፎቶም ያሳያል። ባለሙያው "ፎርማት ብቻ ነው መፍትሔው" ካለ፣ ፋይሎቹን በቅድሚያ ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ መገልበጥ ተሞክሮ እንደኾነ መጠየቅ መብቱ ነው።

አስቀድሞ መዘጋጀት

ሁለቱን ሥርዓቶች ለመጫን ያሰበ ሰው ዊንዶውስን ማስቀደም፣ ሊኑክስን ማስከተል፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አነሳስ መጫን አለበት። በዊንዶውስ ውስጥ "ፋስት ስታርትአፕ" የሚባለውን መዝጋትም ይመከራል። ይህ አሠራር ሲከፈት ዊንዶውስ ጨርሶ ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍልፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ ይሳነዋል።

የትኛው ክፍልፍል የየትኛው ሥርዓት እንደኾነና መጠኑ ስንት እንደኾነ በወረቀት ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጋር ማስቀመጥ በስህተት ከመሰረዝ ያድናል። የሚያስነሳ ፍላሽ ኢንተርኔትና መብራት ባለበት ቀን ቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል፤ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ሁለቱም ላይገኙ ይችላሉ። ሥርዓቱ ራሱን ሲያድስ ዴስክቶፑ ከዩፒኤስ ጋር መያያዙን፣ ላፕቶፑም ባትሪው በቂ መኾኑን ማረጋገጥ ያሻል።

ከሁሉም በላይ ግን የሒሳብ መዝገብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰብ ፎቶ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ መቀመጥ የለባቸውም። አርሶ አደር የከርሞ ዘሩን በአንድ ጎተራ ብቻ አያስቀምጥም። በየሳምንቱ ወደ ውጪ ዲስክ መገልበጥ፣ ያንን ዲስክ ከኮምፒዩተሩ በተለየ ቤት ማስቀመጥና አልፎ አልፎ ከፍቶ መነበቡን ማየት ይገባል። ቅጂው በእጅ ላለ ሰው የመነሻ ብልሽት የግማሽ ቀን ሥራ ማስተጓጎል ብቻ ነው።